ጦር ያለፈበት መንገድ፦ ከአየር ጤና እስከ ጊቤ

ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በዘነበወርቅና በአየር ጤና አድርጎ ወደ ዓለም ገና፣ ከዚያም ወደ ሰበታ የሚወጣውን አስፋልት የኮልፌ ቀራንዮ ሰው «የጅማ መንገድ» ይለዋል። ጠዋት ተማሪው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው ይጋፋበታል፤ የጅማና የወልቂጤ አውቶቡስም የሚወጣው በዚሁ ነው። በ1933 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ወደ ክረምት ሲሻገር በዚህ አቅጣጫ ጦር አልፏል። ሄዶ የተዋጋው ጊቤ ወንዝ ላይ ነው፤ የተዋጋውም ገና ላላለቀው ነጻነታችን ነው።

ይህ ማብራሪያ የተጻፈው ለተማሪዎቼና ሰፈራቸውን በታሪክ ዓይን ማየት ለሚወዱ አንባቢያን ነው። ጦር ያለፈበት መንገድ ዳር ምልክት ሲቆም ምን መጻፍ አለበት? ማንን መጥቀስ፣ ምንን መጠንቀቅ ይገባል? የማስተምረው ቁም ነገር አንድ ነው፤ የአዛዡን ስም ብቻ የያዘ ምልክት ታሪኩን ከግማሽ በታች ነው የሚነግረን። በእግሩ የሄደው፣ መንገድ የመራው፣ ስንቅ ያቀበለውና ቤቱን ለዘማች የከፈተው ሲጨመሩበት ነው ምልክቱ እውነተኛ የሚሆነው።

የመንገድ ዳር ምልክት ምንድን ነው?

ሐውልትና ምልክት ሥራቸው ይለያያል። አራት ኪሎ ያለው የሚያዝያ 27 ሐውልት የድሉን ቀን ያከብራል። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ደግሞ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጨፈጨፉትን ያስባል። ሐውልቱ ላይ የተለጠፉትን የነሐስ ቅርጾች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የወደቁትንና የሚያለቅሱትን ይመለከታል፤ የማንበብ ግዴታ የለበትም፣ ቅርጹ ራሱ ይናገራል።

የመንገድ ዳር ምልክት ግን በጽሑፉ ነው የሚሠራው። ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ የሚቆመውም ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ ነው። ለአላፊ አግዳሚ «እዚህ፣ በዚህ ቀን፣ እነዚህ ሰዎች ይህን አደረጉ» ይለዋል። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎችን በአውራ ጎዳናዎች ዳር ታቆማለች፤ ብዙዎቹ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ጦር የት እንደ ሰፈረና በየት እንዳለፈ ይናገራሉ። እኛ ዘንድ ከዓድዋ እስከ ማይጨው፣ ከማይጨው እስከ አርበኞች ዘመን ጦር ያላለፈበት መንገድ ጥቂት ነው። ታሪኩ ሞልቶ ሳለ መንገዱ ዝም ማለት የለበትም።

የምዕራቡ በር በ1928 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጡት መንገዶች በጦርነቱ ሁለት ጊዜ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የመጀመሪያው ጊዜ የመከራ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በደሴ መንገድ መጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እጅ አንሰጥም ያሉ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተሻገረ። በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው በሆለታ፣ በስዊድን መኮንኖች ይሠለጥኑ የነበሩ ወጣት ዕጩ መኮንኖችም ወደ ወለጋ ሄዱና «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። በሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ። ትግሉን የመሩት ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ እስኪያዙ ድረስ ምዕራቡ ተዋግቷል።

ከከተማው በምዕራብ የነበረው ገጠርም አልተኛም። በጊንጪና በአዲስ ዓለም አካባቢ ጃገማ ኬሎ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ጦር መሩ። በወሊሶና በጅማ መንገድ ገረሱ ዱኪ ለጠላት ዕረፍት ነሡት። በከተማው ውስጥ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት ወደ ጫካ ያሾልኩ ነበር። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. በጅማ መንገድ የወጣው ጦር ባዶ አገር አልጠበቀውም፤ አምስት ዓመት ሲዋጋ የኖረ ሕዝብ ነው የጠበቀው።

አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች በኋላስ?

ብዙ ሰው የነጻነቱን ታሪክ ሚያዝያ 27 ላይ ይዘጋዋል። የቀኑን ክብር ማንም አይነካውም። ነገር ግን ሙሉውን ቅደም ተከተል እንያዝ።

የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በየካቲት 1933 ሞቃዲሾን ያዘ። በመጋቢት በጅጅጋ በኩል የካራማራን በር ሰብሮ ሐረርንና ድሬዳዋን ወሰደ፤ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም በፍቼና በእንጦጦ መጥተው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ባዶሊዮ ከገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት።

በዚያ ዕለት ግን በአገሪቱ ገና ብዙ የጣሊያን ጦር ነበር። አምባላጌ እጅ የሰጠው በግንቦት ነው። ጎንደር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይታለች። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የጄኔራል ጋዜራ ጦር ጅማን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ እርሱ የሚወስደው ዋናው መንገድ በእኛ ሰፈር በኩል የሚወጣው ነው።

ጊቤ ላይ የሆነው

በዚህ መንገድ የተላከው 23ኛው የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር። ከሰበታ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ጊቤ ሸለቆ ላይ ይደርሳል። በዚያ የተጓዘ ሰው ቦታውን ያውቀዋል፤ ደጋው በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ሙቀት ይወርዳል፣ ከታች ወንዙ፣ ከማዶ ደግሞ ሌላ ዳገት ይታያል። ከማዶ ያለውን ዳገት የያዘ ጦር ከዚህኛው ወገን የሚወርደውን ሁሉ ያያል። ጣሊያኖች ወንዙን ምሽግ ያደረጉት ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ጊዜው የዝናብ ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ ወታደሩ የሚሻገረው በጀልባ ነው። ከብርጌዱ በስተ ደቡብ፣ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ከተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጦር የመጡ ወታደሮች በሌላ መሻገሪያ ወንዙን አለፉ። ናይጄሪያውያኑም ግንቦት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አበልቲ ላይ ተሻገሩ። ጅማ የተያዘችው ሰኔ 14 ነው። በከተማይቱ ዙሪያ የነበሩት የገረሱ ዱኪ አርበኞችም የዚህ ዘመቻ ባለቤቶች ናቸው። የጋዜራ ጦር የመጨረሻው ክፍል በሰኔ መጨረሻ ሳዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንላት ከተማ፣ ከቤልጅየም ኮንጎ ለመጣው ጦር እጁን ሰጠ።

ተማሪ ሆናችሁ የእንግሊዝን የጦር ታሪክ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ጊቤ የምንለው ወንዝ በእነርሱ መዝገብ «ኦሞ» ተብሎ ነው የሚገኘው። ይህን ሳያውቅ የሚፈልግ ሰው ጦርነቱን ከቦታው ብዙ ኪሎ ሜትር አርቆ ደቡብ ኦሞ ላይ ያስቀምጠዋል። ምልክት ከመጻፉ በፊት የቦታ ስም ከአገሬው አጠራር ጋር መመሳከር ያለበት ለዚህ ነው።

«የእንግሊዝ ጦር» ማለት ማን ነው?

በትምህርት ቤት «እንግሊዝ ረድቶን ጣሊያን ወጣ» ብለን በአጭሩ እናልፈዋለን። በጅማ መንገድ የወጣው ወታደር ግን አብዛኛው ጥቁር አፍሪካዊ ነበር። የናይጄሪያው ብርጌድ የንጉሣዊ ምዕራብ አፍሪካ የድንበር ጦር አካል ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ጦር ወታደሮቹን የሚመለምለው ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ ነበር። ሳዮ የደረሱት ደግሞ ኮንጓውያን ናቸው።

እነዚህ ሰዎች የመጡባቸው አገሮች በዚያን ጊዜ ቅኝ ግዛት ነበሩ። ናይጄሪያ ነጻ የወጣችው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ለራሱ ነጻነት ገና ያልታደለ ወታደር፣ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ፣ ኢትዮጵያ ነጻነቷን እንድትመልስ ደሙን አፈሰሰ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ መጽሐፋችን በአንድ ቃል ያለፈው ነገር ይህን ያህል ክብደት አለው። ከሌጎስ ወይም ከካኖ የመጣ እንግዳ በአየር ጤና ሲያልፍ የአያቱ ትውልድ እዚህ መዝመቱን የሚነግረው ሰሌዳ ቢያገኝ ለእርሱም ለእኛም ክብር ነው።

የአዛዦቹን ፍላጎት ከወታደሩ መሥዋዕትነት ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። የእንግሊዝ መንግሥት ከድሉ በኋላ አገሪቱን በወታደራዊ አስተዳደር ሊይዝ ሞክሯል፤ መንግሥታችን ሥልጣኑን መልሶ ለመያዝ መደራደር ነበረበት፤ የመጀመሪያው ስምምነትም የተፈረመው ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ምልክት ሲጻፍ ወታደሩን ማመስገን ይገባል፣ የመንግሥቶችን ጉዳይ ግን ማድበስበስ አይገባም።

በሰፈራችን በስም የቀረው ሌላው ጉዞ

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ቀለበት መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ዊንጌት ይደርሳል። ቦታው ስሙን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ ከተቋቋመው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል የመጣውን የጌዴዎን ጦር የመሩ የእንግሊዝ መኮንን ናቸው። በኋላ በመጋቢት 1936 በሕንድ ምድር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

የዚያ ጉዞ ታሪክ ከጅማው የበለጠ ይታወቃል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ከእርሳቸው አስቀድሞ፣ በነሐሴ 1932 የኮሎኔል ሳንድፎርድ መልእክተኛ ቡድን ጎጃም ገብቶ ነበር፤ አዛዥ ከበደ ተሰማም ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው ከጎጃም አርበኞች ጋር ይሠሩ ነበር። የጌዴዎን ጦር ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን የተውጣጣ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ነው። ጓዙን የጫኑት ከሱዳን የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ናቸው፤ ከቆላው ወደ ደጋው ሲወጡ ብርድና ዳገቱ ፈጃቸው፣ አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28፣ የካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ቀን ነው።

እንግዲህ ሰፈሩ የጄኔራሉን ስም ይዞ ቀርቷል፤ ይህ ተገቢ ነው። የሱዳኑ ግመል ነጂ፣ የጎጃሙ መንገድ መሪና በጌዴዎን ጦር ውስጥ የነበረው የሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ወታደር ግን በአካባቢው ምንም የላቸውም። ምልክት የሚያስፈልገው ስም ለሌላቸው ነው።

ምልክት ሊለወጥም ይችላል

ምልክት ማቆም የሚወዱት ወራሪዎችም ናቸው። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ወደየትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ለተቆጠረ አንድ ዓመት የቆመ ነው። ከነጻነት በኋላ ሰው አላፈረሰውም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጠበት። ደረጃው አሁንም ያው ደረጃ ነው፣ የሚናገረው ግን ሌላ ሆኗል።

ተማሪዎች ግቢውን ሲጎበኙ እርከኖቹን ቆጥረው ወደ ላይ እንዲያዩ እመክራለሁ። ወራሪ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ባለ አገሩ እንደጨረሰው በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። ምልክት ማን እንዳቆመው፣ መቼና ለምን እንዳቆመው መጠየቅ ያለብን ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ረቂቅ አብረን እናርም

ለአየር ጤና ምልክት ጻፉ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚያመጣው እንዲህ ያለ ነው፦

«በ1941 የእንግሊዝ ጦር በዚህ መንገድ አልፎ ጅማን ነጻ አወጣ።»

አጭርና ግልጽ ነው፤ አራት ጉድለት ግን አለበት። አንደኛ፣ ዓመቱ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። የእኛ 1941 ዓ.ም. ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ «የእንግሊዝ ጦር» ብሎ ናይጄሪያውያኑን ሰወራቸው። ሦስተኛ፣ አርበኛውን ጨርሶ ረሳ፤ ጅማ በሌላ ሰው እጅ ብቻ የተቀበለችው ስጦታ መሰለች። አራተኛ፣ የት ምን እንደተደረገ አይናገርም።

እርማቱ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«በ1933 ዓ.ም. (1941 እ.ኤ.አ.) ከናይጄሪያ የመጡ የ23ኛው ብርጌድ ወታደሮች ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ተነሥተው ወደ ጊቤ ዘመቱ። ግንቦት 28 ቀን አበልቲ ላይ የሞላውን ወንዝ ተሻገሩ። በወሊሶና በጅማ ምድር በወረራው ዘመን ሁሉ የተዋጉት የገረሱ ዱኪ አርበኞች የትግሉ ባልደረቦች ነበሩ። ጅማ ሰኔ 14 ቀን ከጠላት እጅ ወጣች። ይህን ጦር ለመሩ፣ ለመገቡና ለቀበሩ የመንገዱ ነዋሪዎች ሁሉ ምስጋና ይሁን።»

ይህን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሳይቸኩል ይጨርሰዋል። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ባለቤት አለው። ጀግንነትን የሚያጋንን ቅጽል አንድም የለበትም፤ ድርጊቱ ራሱ በቂ ነው።

የት ይቁም? ማን ይጠብቀው?

መጀመሪያ የ1933ቱ መንገድና የዛሬው አስፋልት በዚያ ነጥብ አንድ መሆናቸው ከአሮጌ ካርታ ጋር ይመሳከር። መንገድ ይሰፋል፣ ይቀናል፣ ይዛወራል። ቀጥሎ የሚቆምበት ቦታ ይመረጥ፤ አንባቢ ቆሞ የሚያነብበት የእግረኛ መንገድ ይሁን እንጂ መኪና የሚታጠፍበት ጥግ አይሁን። ቁመቱ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ዓይን የሚመች ይሁን። መንገዱ ከከተማው ወደ ኦሮሚያ የሚዘልቅ ስለሆነ ጽሑፉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ባለቤቶቹ ሁሉ ያነቡታል።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዴት እንደሚጠናና እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ስለዚህ ሐሳብ ያለው ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ማኅበር ሰሌዳውን በራሱ ከማቆሙ በፊት ከወረዳውና ከከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ጋር ይነጋገር። ጥበቃው ግን ለቢሮ ብቻ የሚተው አይደለም። ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን፣ አቧራና ጭቃ የሚሸፍነውን ሰሌዳ በየወሩ የሚያጥብና የሚያይ የቅርብ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ከአጠገቡ ካለ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ የተሻለ አላውቅም።

ሥራው ከየት ይጀምራል?

ሰሌዳው ገንዘብና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥናቱ ግን ነገ ሊጀመር ይችላል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያሉ አዛውንት፣ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጭምር፣ ጠይቁ። ጦሩ የት ውኃ ጠጣ? ማን እህል ሸጠለት? ጣሊያን ያሠራው መንገድ ሲቆፈር ማን ሠራ? የተናጋሪውን ስም፣ የነገረበትን ቀንና ከማን እንደሰማ አብራችሁ መዝግቡ። የሰማችሁትን ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሩ፤ ሲጋጭ ሁለቱንም ጻፉ።

ሰፈራችን ምልክት የሚገባው ሌላ ጉዳይም አለው። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ዘንድም ተምረዋል። የጅማው መንገድና የኮልፌው ሰፈር አንድ ታሪክ ይናገራሉ። በ1933 ዓ.ም. በቅኝ ግዛት ያሉ አፍሪካውያን ለኢትዮጵያ ነጻነት በዚህ በኩል ዘመቱ፤ ሃያ አንድ ዓመት ቆይቶ ኢትዮጵያ ለሌላው አፍሪካዊ ትግል ሰው አሠለጠነች። ብድሩ በዚሁ ሰፈር ተከፍሏል። የኮልፌ ቀራንዮ ተማሪ ይህን አውቆ ማደግ ይገባዋል፤ የመንገድ ዳር ሰሌዳውም ይህን ሊያስተምረው ይገባል።